ሃምሳ አምስት ትንንሽ ሥዕሎች

መጀመሪያ የተለወጠው የአፌ ጣዕም ነው። ጠዋት ስነሳ ሳንቲም ስመጥ ያደርኩ ይመስል ምላሴ ላይ ብረት ብረት ይለኝ ነበር። ጥርሴን ብፍቅም አይለቅም፤ ዝንጅብል ባኝክም አይለቅም። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛው ሳምንት ስለነበር ጾሙ ነው አልኩ። ባዶ ሆድ ብዙ ነገር ያመጣል። የነገርኳቸው ሰዎችም እንደዚያው ስላሉኝ ተቀብዬ ዝም አልኩ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በትርፍ ጊዜያቸው ትንንሽ ሥዕል ለሚሥሉ፣ ታመውም ሕመማቸው ከየት እንደመጣ ላልገባቸው ሰዎች ነው። የሆነውን ሳላስውብ እነግራችኋለሁ። ተናድጄ የጻፍኩት የሚመስል ቦታ ካገኛችሁም፣ አዎ፣ ተናድጄ ነው። አላርመውም።

በዚያን ጊዜ ካምፓላ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከታናሽ እህቴ ከሶስና ጋር ኪቡሊ ኮረብታ ግርጌ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሷ ናኪቩቦ አጠገብ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ እኔ የጭነት ሰነድ የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ፎርም ስሞላ ነው የምውለው። ሥዕል የጀመርኩት እጄ ከፎርም ሌላ ነገር ይወቅ ብዬ ነው። ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ እንጨት ላይ ቅዱሳንን እሥላለሁ፤ ድሮ ሰዎች አንገታቸው ላይ እንደሚያንጠለጥሏቸው ያሉ ሥዕሎች።

ቢሮአችን ውስጥ ታርጌት የማይወጣለት ነገር አልነበረም፤ ሻይ እንኳ ታርጌት ነበረው። ያ አመል ተጋባብኝና ለሥዕሌም ግብ ማውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓመት ግቤ ባቄላ በምታህል ቦታ ላይ ሁለት ዓይን መሣል ነበር። ሰባት ወር ፈጀብኝ። የሁለተኛው ዓመት፣ በአውራ ጣቴ ጥፍር ልክ ሙሉ ፊት። እሱም ተሳካ። ግቤን ወረቀት ላይ ጽፌ የወጥ ቤቱ በር ጀርባ ላይ እለጥፋለሁ፤ ሲሞላ እሰርዘዋለሁ። ሶስና «አንቺ የምትወጂው ሥዕሉን ሳይሆን መሰረዙን ነው» ትለኝ ነበር። ልክ ነበረች።

ያጠፋኝ ሦስተኛው ግብ ነው። እሑድ እሑድ የምንሰበሰብባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሃምሳ ያህል ልጆች የሰንበት ትምህርት ይማሩ ነበር። በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን፣ በቀን አንድ እያልኩ፣ ሃምሳ አምስት ሥዕል ሠርቼ ለፋሲካ በየልጁ አንገት ላይ ላንጠለጥል ለራሴ ቃል ገባሁ። ሃምሳ አምስት ካሬ አስምሬ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ያስተማሩኝ ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ከሆነው ሁሉ በኋላ እንኳ አንቱ ማለቱን አልተውኩም፤ ያሳደገኝን አባቴን ላለማሳፈር ነው እንጂ ለእሳቸው ብዬ አይደለም። ጋሼ ስድሳን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ፖርት ቤል ወደብ ላይ ጀልባና መርከብ በሚጠገንበት አንድ ግቢ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ይጠብቃሉ። አባታቸው ጎጃም ውስጥ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደጋግመው ስለሚነግሩን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየሄድኩ ሁለት ዓመት ተማርኩ።

ከሁሉም በላይ የሚኮሩት በቀይ ቀለማቸው ነበር። በማር ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቀይ ዱቄት ነው፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ከእንጨቱ ላይ የሚያበራ። በመስከረም ሙሉ ብልቃጥ ሰጡኝና «የአባቴ ቀለም ነው። ከምን እንደሚሠራ አትጠይቂኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» ብለው በቅዱስ ገብርኤል አስማሉኝ። ማልኩ። በእኛ ዘንድ ባለሙያ የቀለሙን ምስጢር አይገልጥም፤ ተማሪም አይጠይቅም፤ መጠየቁ ነውር ነው። እንዲያውም እንደ ታላቅ ክብር ቆጠርኩት።

የቅዱስ ሽፋሽፍት ለመሣል ብሩሹ እንደ መርፌ መሾል አለበት። እኔ በምላሴ ነበር የማሾለው። እያንዳንዱን መስመር ከማስመሬ በፊት ላስ አደርገዋለሁ። ጋሼ ግን እርጥብ ጨርቅ ላይ ነበር የሚያሾሉት። ሥራ ሲጨርሱ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። ለቅዱሳኑ ካላቸው አክብሮት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ዱቄቱን የምንበጠብጠው በእንቁላል አስኳል ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንድ ነገር አስጨነቀኝ፤ ብሩሹን ስልስ አስኳል ቀመስኩ ማለት አይደለም ወይ? ቅዳሜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። አፌን አዩት።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «ጾምሽን እንዳትሽሪ በሙጫ በጥብጪው።»

ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለነፍሴ የሚያስብልኝ ሰው አለኝ እያልኩ።

መብራት አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን የሚጠፋበት ዘመን ስለነበር የምሠራው ጎህ ሲቀድ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው። እስከ ቢሮ ሰዓት እሥላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። በየቀኑ፣ በባዶ ሆዴ፣ ብሩሽ በምላሴ። በየቀኑ አንድ ካሬ እሰርዛለሁ።

በሃያዎቹ ቀናት ሆዴ መቁረጥ ጀመረ። ተራ ቁርጠት አልነበረም። እጥፍጥፍ አድርጎ መሬት ላይ ያስቀምጠኛል። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን ሆዴ ድርቅ ብሎ ይቆያል። ፊቴ ገረጣ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ካምፓላ ውስጥ የታመመ ሰው መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ፣ በመጨረሻ ጨጓራ ነው፤ እኔም በተራ ሦስቱንም ሆንኩ። የሰፈራችን ክሊኒክ የሦስቱንም መድኃኒት ሰጠኝ፤ ሁሉንም ዋጥኩ። ሶስና «ሥዕሉን ለአንድ ሳምንት ብታቆሚውስ?» ብትለኝ ተቆጣኋት። ሰንጠረዡ ላይ እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይሰረዝ የታለፈ አንድም ካሬ አልነበረም። ያንን ማበላሸት ከሕመሙ የባሰ መሰለኝ። እንዲህ ያለች ሞኝ ነበርኩ።

አርባ አንደኛውን ሥዕል አጠናቅቄ እንደ ቀደሙት ሁሉ ለጋሼ ላክሁላቸው። ቫርኒሽ የሚቀቡትና ክር የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ብሩሽ አነሳሁ። እጄ ከአንጓው ወደቀ። አነሳሁት። ወደቀ። በግራ እጄ ደግፌ ቀና አደረግኩትና ለቀቅኩት። ወደቀ። አላመመኝም። ጣቶቼ አሉ። አንጓዬ አለ። ግን አይነሳም። ሶስናን ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት።

እሷ ከኋላ አቅፋኝ ከሹፌሩ ጋር ሦስት ሆነን በአንድ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ሆስፒታል ሄድን። ያየችኝ ሐኪም ዝምተኛ፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ኡጋንዳዊት ናት። ሁለት እጄን ወደፊት ዘርጊ አለችኝ። ግራው ቀጥ አለ። ቀኙ ተንጠለጠለ። «ይህ ሪስት ድሮፕ፣ የአንጓ መውደቅ፣ ይባላል» አለች። «ነርቩ ነው የተጎዳው። ምክንያቱን ማግኘት አለብኝ። ሥራሽ ምንድን ነው? ከቀለም፣ ከባትሪ፣ ከነዳጅ ጋር ትገናኛለሽ?»

«የጭነት ሰነድ ነው የምሠራው» አልኳት።

ሶስና «ሥዕል ትሥል የለም እንዴ!» ብላ ልትናገር ስትል በአማርኛ «ዝም በይ!» አልኳት። ለሐኪሟ «የልጆች የውሃ ቀለም ነው፤ ምንም አይደለም» ብዬ ዋሸሁ። በገብርኤል ምያለሁ። ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ እንደ በድን ወድቆ፣ እኔ የጋሼን ቀለም እጠብቅላቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ። እንደምታውቁት የእኛ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጋሼ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና አልጋዬ አጠገብ ቆሙ። «ቀለሙን ነገርሻቸው?» አሉኝ።

«ኧረ አልተናገርኩም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ነው እግዚአብሔር ይማርሽ ያሉት። ብርቱካን አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እኔ ግን ምን እንደቀደመና ምን እንደተከተለ እያሰብኩ ዋልኩ። እጄን እንኳ አላዩትም ነበር።

በማግስቱ ሐኪሟ ትንሽ መስታወት ይዛ መጣች። ከንፈሬን ገልጣ ድዴን አሳየችኝ። ከጥርሶቼ ሥር እንደ ቀጭን ክር የተሰመረ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ነበር። «ማዳም» አለችኝ፣ «ይህ ነገር በአፍሽ ነው የገባው። የደምሽንም ሴሎች በማይክሮስኮፕ አይቻቸዋለሁ፤ ነጠብጣብ አላቸው። የምትደብቂኝን ነገር ላክምሽ አልችልም።»

ነገርኳት። መሐላዬን እዚያው አልጋ ላይ አፈረስኩ። ሶስና ብልቃጡንና ብሩሾቹን አመጣች፤ ደሜ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተላከ። መልሱ እስኪመጣ ስድስት ቀን ፈጀ። ሊድ ነው፤ እኛ እርሳስ የምንለው ብረት። ደሜ ውስጥ የተገኘው መጠን ሐኪሟን ራሷን ወንበር ስባ እንድትቀመጥ አደረጋት።

«ዱቄቱ ሬድ ሊድ ይባላል» አለችኝ። «ዝገት እንዳይበላቸው የመርከብ ሆድ የሚቀባበት ነው። አንቺ ደግሞ ምግብ ሳትበዪ፣ ወተት ሳትጠጪ ነው የላስሽው። ባዶ ሆድና ካልሲየም ያጣ ሰውነት ሊዱን ስቦ ያስገባል። ሆን ብለሽ ብታቅጂው እንኳ እንዲህ አይሳካልሽም ነበር።»

የመርከብ ሆድ። የፖርት ቤል ግምጃ ቤት ቁልፍ በማን ኪስ እንደሚኖር የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። አስኳሉ ትዝ አለኝ። አፌን ያዩት ትዝ አለኝ። እርጥቡ ጨርቅ፣ ሳሙናው። ያውቁ ነበር። ስልሰው እያዩ ያውቁ ነበር። ከእንቁላል ጠበቁኝ፣ መርዙን ተዉልኝ። አለቀስኩ። የሆዴ ቁርጠት እንደዚያ አላስለቀሰኝም።

ሐኪሟ አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀችና «ሌላ ማን ነክቶታል?» አለችኝ።

አርባ አንዱ ሥዕሎች ጋሼ ቤት ናቸው። ፋሲካ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሥዕል በእኛ ዘንድ ይሳለሙታል፤ ግንባር ያስነኩታል፣ ከዚያ ከንፈር። ትንንሾቹ ደግሞ አንገታቸው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ይጠባሉ። ሶስና ስልክ ደውላ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ለመንኳቸው። «አይሰጡም። በአባቴ አጥንት!» አሉኝ። አመንኳቸው። ለሁለተኛ ጊዜ።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሶስና ከልጆቹ ዝግጅት ላይ ደወለች። «እታለም፣ ልጆቹ ሥዕሉን አንገታቸው ላይ አድርገውታል» አለችኝ። «ጋሼ ናቸው ያደሉት። እኔ ብናገር ቫርኒሽ አለው ብለው አሳቁብኝ።»

ነርሷን አስፈቅጄ በታክሲ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ነጠላ የለበሱ ልጆች ይዘምራሉ፤ እናቶች ዶሮ ያወጣሉ። ደረታቸው ላይ የእኔ ቅዱሳን። ያምሩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ከዚያ ሦስት ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ ሥዕሏን አፏ ውስጥ ከትታ ስትጠባ አየሁ። ሮጥኩ። በግራ እጄ ከአፏ መነጨቅኩት። ጮኸች። እናቷ መጥታ «ምን ነካሽ? በዓመት በዓል ልጅ ታስለቅሻለሽ?» አለችኝ።

«ቀዩ መርዝ ነው!» አልኩ። «እኔን የጣለኝ እሱ ነው። አውልቁላቸው!»

መዝሙሩ ቆመ። ጋሼ መኩሪያ ከሰዎቹ መሃል ቀስ ብለው ወጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሐዘን፣ «አትፍረዱባት» አሉ። «በሽታው ጭንቅላቷን ነክቷታል።»

ሰዉ አመናቸው። በሰዎቹ ፊት ላይ አየሁት። አንዷ ክንዴን ይዛ ልታስቀምጠኝ ሞከረች። ከእጄ መውደቅ ይልቅ ያ ከፋኝ። ሁለት ዓመት ልጄ ሲሉኝ የኖሩ ሰው እብድ አደረጉኝ።

ቄሳችን አባ ተክሌ አንዱን ልጅ ጠርተው ሥዕሉን ከአንገቱ አወለቁ። ይዘው ወደ ጋሼ ሄዱ። «እንግዲህ ይሳለሙት» አሏቸው።

ጋሼ ተቀበሉ። ግንባራቸውን አስነኩት። መለሱት።

«በከንፈርዎ» አሉ አባ።

ጋሼ ሥዕሉን አዩት። ከእኔ ሥራዎች ሁሉ የሚያምረው ነበር፤ ልብሱ ሙሉ በሙሉ ቀይ። አልሳሙትም። ከዚያ ያቺ የተቆጣችኝ እናት የልጇን ክር በጥርሷ በጠሰችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አርባ አንዱም አንድ ሳፋ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሼ ለአባ ብቻ የሚሰማ መስሏቸው «የአባቴ ቀለም ካለቀ ቆይቷል» ሲሉ ሰማኋቸው። አልቋል ብሎ መናገር ነበር የከበዳቸው። አንዲት ቃል!

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ግን ለታመመ ሰው የሚጠቅመው እሱ ስለሆነ ልንገራችሁ። ሊዱን ከደም ውስጥ ይዞ የሚያስወጣ ሰክሲመር የሚባል እንክብል፣ መጥፎ ሽታ ያለው፣ በየዙሩ ለሦስት ሳምንት ያህል እየወሰድኩ፣ መሃል ላይ እያረፍኩ፣ ደሜን እያስመረመርኩ ወራት አለፉ። እጄን ከታች የሚደግፍ ስፕሊንት ታሰረልኝ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሳምንት ሁለት ቀን ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዘረጋ አንጓዬን እንድቀሰቅስ ያስለፋኝ ነበር። ሐኪሟ ሥዕሎቹን የያዙትን ልጆች ሁሉ ደም አስመረመረች፤ በሰዓቱ ስለተወሰደባቸው አንዳቸውም አልተጎዱም፤ ያንን የሰማሁ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ጣፈጠኝ።

የወጥ ቤቱን በር ሰንጠረዥ ቀድጄ አዲስ ለጠፍኩ። በላዩ ላይ የጻፍኳቸው ግቦች ሰው ቢያያቸው የሚያስቁ ነበሩ፦ ማንኪያ መያዝ፣ ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ፊርማዬ። ቀን አልጻፍኩባቸውም። ማንኪያው በሰኔ ሆነ፤ ቁልፉ እስከ ነሐሴ አስለቀሰኝ፤ ፊርማዬ ሲመለስ ባንኩ የድሮው አይደለም ብሎ አስቸገረኝ እንጂ ለእኔስ ቆንጆ ነበር። ብሩሽ ያነሳሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ ምን እንዳለበት ጀርባው ላይ የተጻፈበት የቱቦ ቀለም ገዝቼ፣ እርጥብ ጨርቅ አጠገቤ አስቀምጬ፣ አንዲት ቅንድብ ብቻ ሥዬ ተነሳሁ። ዛሬም እጄ ሲደክመው ትንሽ ዘንበል ይላል።

ውሸቴን እያወቀች ላልተቆጣችኝ ሐኪሜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ፀጉሬን ታበጥርልኝ ለነበረችው ለሶስና፣ እውነቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ብቻ ለበቃቸው ለአባ ተክሌ፣ እንዲሁም በማግስቱ ወተት ይዛ አልጋዬ አጠገብ ለመጣችው ለዚያች ተቆጪ እናት ምስጋናዬ አያልቅም።

እናንተ ግን ይህን ስሙኝ። አፋችሁ ብረት ብረት ካላችሁ፣ ሆዳችሁ ያለ ምክንያት ከቆረጠ፣ አንጓችሁ ከደከመ፣ በእጃችሁ የምትነኩትን ሁሉ ለሐኪም ንገሩ። መሐላ ካለባችሁ መጀመሪያ ለሐኪም ተናገሩ፤ ንስሐውን በኋላ ግቡ። ብሩሽ አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ። የምትሥሉበት ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ መምህራችሁ ቅር ቢላቸው ይበላቸው። ግብ ማውጣት መልካም ነው፤ እኔም አሁን አለኝ። ታምሜም ቢሆን እሞላዋለሁ ያልኩበት ዕለት ግን ቀድጄ ልጥለው ለሶስና ቃል ሰጥቻታለሁ።

ስለ ይቅርታ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ባለፈው ዓመት ጋሼ መኩሪያ ሦስት ሽማግሎች ላኩብኝ። ብቻቸውን ናቸው፣ አርጅተዋል፣ ይቅር በያቸው አሉኝ። እሺ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ እናቶቹ ፊት ቆመው «ቀለሙን ከወደቡ ነው ያመጣሁት፤ መርዝ መሆኑንም አውቅ ነበር፤ እሷ አላበደችም» ይበሉ። ያን ጊዜ እግራቸው ላይ ወድቄ እስማቸዋለሁ አልኩ።

ሽማግሎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ታላቅየው ወንበር ብስብላቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ሌላ ነገር ጠይቂያቸው» አሉኝ።

ሌላ የምፈልገው ነገር የለም አልኳቸው።